ላቬንደርን በሰሜን ሸዋ ደጋ ስለ መትከልና መንከባከብ

ላቬንደር የሚባለው ሽታው ያማረ፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ይበቅል እንደ ሆነ የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ነው። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በጣርማ በር አካባቢ ሌሊት የወረደ ውርጭ የባቄላውን ማሳ አጥቁሮት ሲያድር ያላየ ገበሬ የለም። ነገር ግን የላቬንደር አገር የሜዲትራኒያን ባሕርን የሚያዋስኑት የደቡብ አውሮፓ ተራሮች ስለ ሆኑ፣ ዋናው ዝርያ በብርድ ወራት በረዶ ለብሶ የሚከርም ብርቱ ተክል ነው። በእኛ ደጋ ላቬንደርን የሚጨርሱት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። በደብረ ብርሃን በዓመት ከሚዘንበው ወደ 900 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው በእነዚህ ሁለት ወራት ስለሚወርድ፣ ውሃ ያቆረ አፈር ውስጥ የተተከለ ላቬንደር ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርጌ የማስረዳው ክረምቱን እንዴት እንደምናሳልፈው ነው።

ይህን የተማርሁት ሦስት ችግኞች ካጣሁ በኋላ ነው። በግቢዬ ጥቁር አፈር ላይ፣ ለጎመን በማዘጋጀው ዓይነት ፍግ በበዛበት መሬት ተክያቸው፣ እስከ ሰኔ ድረስ ለምለም ሆነው አደጉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቅጠላቸው አመድ መስሎ ተንጠለጠለ፤ ነቅዬ ባየሁ ጊዜ ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኖ አገኘሁት፤ በሁለት ጣቶቼ መካከል ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ እርጥብ ወረቀት ተገፍፎ ወጣና በእጄ ላይ የቀረው የፀጉር ያህል የቀጠነ ክር ብቻ ሆነ። ችግኞቹ የሞቱት በርዷቸው ወይም ተርበው አልነበረም፤ የሰጠኋቸው ውሃና ፍግ በዝቶባቸው ነበር።

የተክሉን ጠባይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ላቬንደር ከጦስኝ፣ ከጥብስ ቅጠል፣ ከበሶብላና ከዳማከሴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ከእነዚህ ሁሉ በጠባዩ ይበልጥ የሚቀርበው ጦስኝ ይመስለኛል። በአንኮበርና በመንዝ ጓሳ ተራሮች ላይ ጦስኝ በድንጋይ መካከል፣ አፈሩ ስስ በሆነበትና ፀሐይ በሚበዛበት ቦታ ሲበቅል ልብ ብሎ ያየ ሰው የላቬንደርን ፍላጎት ግማሹን አውቋል ማለት ይቻላል።

ዝርያውን ስለ መምረጥ

ላቬንደር የሚለው ስም የብዙ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ችግኝ ወይም ዘር ሲገዛ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። አንጉስቲፎሊያ የሚባለው ቅጠሉ ቀጭንና ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ቁመቱ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሽታው ከሁሉ የለሰለሰና ብርድን እጅግ የሚችል ነው። ይህ ዝርያ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ በደንብ ለማበብ የብርድ ወራትንና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ረጅም ቀንን ይፈልጋል። ብርዱን በበቂ ሁኔታ ያገኛል፤ የቀኑ ርዝመት ግን በእኛ አገር በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአውሮፓ ሥዕሎች ላይ እንደሚታየው ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሐምራዊ አድርጎ ያብባል ብሎ መጠበቅ አይገባም። አበባው ሳሳ ብሎና ጊዜውን ለያይቶ ሊመጣ ይችላል።

ዴንታታ የሚባለው ሁለተኛው ዝርያ ቅጠሉ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ስለ ሆነ በቀላሉ ይለያል። እስከ አንድ ሜትር ያድጋል፤ ረጅም ቀን ሳይጠብቅ ለብዙ ወራት ያብባል፤ ነገር ግን ብርቱ ውርጭ ይጎዳዋል። ከእነዚህ ሌላ አንጉስቲፎሊያ ከሌላ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ላቫንዲን የሚባል አለ፤ እርሱ ተክለ ቁመናው ትልቅ፣ ዘይቱም ብዙ ነው፤ ዘር ግን ስለማይሰጥ የሚራባው ከቅርንጫፉ ተቆርጦ በሚተከል ቁራጭ ብቻ ነው። የላቫንዲን ዘር ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥም የሚሸጠው ሌላ ነገር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

የእኔ ምክር በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና እነዚህን በመሰሉ ከፍታማ ቦታዎች ለሜዳው አንጉስቲፎሊያን፣ ለቤቱ ግድግዳ ጥግ ደግሞ ዴንታታን መትከል ነው። ዓለም ከተማን በመሰለ ወይና ደጋ የሚኖር ሰው ዴንታታን ያለ ሥጋት ሜዳ ላይ ሊተክለው ይችላል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ያለው ሁኔታ የተለየ ስለ ሆነ ይህ ጽሑፍ እርሱን አይመለከትም።

ቦታውና መደቡ

ቦታው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት። በብዙ ግቢዎች ፀሐይን የሚከለክለው ባህር ዛፍ ነው፤ ባህር ዛፍ ጥላው ብቻ ሳይሆን ሥሩም ራቅ ብሎ ሄዶ እርጥበቱን ስለሚሻማ፣ ከእርሱ አጠገብ መትከል ችግኙን ሁለት ጊዜ መበደል ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ስለሚፈስ በግቢው ውስጥ ጎድጎድ ያለውን ቦታ መተው፣ ተዳፋት ካለ ደግሞ ከፍ ያለውን ወገን መምረጥ ይሻላል። ከሁሉ የሚመረጠው በድንጋይ ካብ ፊት ለፊት ያለ ቦታ ነው፤ ካቡ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚመልስ፣ ከእርሱ አንድ ክንድ ርቆ የተተከለ ላቬንደር ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ውርጭን ይቋቋማል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠፈጠፍ የሚወርድበትን መስመር ግን አጥብቆ መሸሽ ያስፈልጋል።

አፈሩ ውሃ ያሳልፍ እንደ ሆነ ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት፣ ሰርጎ ሲያልቅ እንደ ገና መሙላትና ማደር ይበቃል። በማግሥቱ ጠዋት በጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ከቀረ፣ ያ ቦታ እንዳለ ሆኖ ለላቬንደር አይሆንም። በአብዛኛው የሰሜን ሸዋ ሜዳማ መሬት፣ መረሬ የሚባለው ውሃ የሚያቁር ጥቁር ጭቃማ አፈር ባለበት ሁሉ፣ የሚገኘው መልስ ይህ ነው።

ለዚህ ችግር የሚሆነውን መፍትሔ አገሩ ቀድሞ ያውቀዋል። የእነዋሪ ገበሬዎች በመረሬው መሬታቸው ላይ ከነቤተሰባቸው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋሉ፤ ስንዴውም ክረምቱን ከውሃ በላይ ሆኖ ያሳልፋል። ላቬንደር የሚፈልገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መደቡ ለአንድ ወቅት ሳይሆን ለብዙ ዓመት የሚቆይ ስለ ሆነ ከፍ ብሎና ጠንክሮ መሠራት ያለበት መሆኑ ብቻ ነው። የመደቡ ከፍታ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ጎኖቹ በድንጋይ ቢካቡ አፈሩ አይናድም፤ በድንጋዮቹ መካከልም ውሃው ይወጣል። ቦዮቹ ወደ ዝቅታው እንዲያዘነብሉ አድርጎ መቁረጥ አስፈላጊ ነው፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ይሆናልና።

መደቡን ለመሙላት ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፣ እንዲሁም በደንብ የበሰለ ብስባሽ ጥቂት ብቻ ይበቃል። በመረሬ ላይ አንድ ሁለት ባልዲ አሸዋ በትኖ ማገላበጥ ግን የሚጠቅም መስሎ የሚታይ ድካም ነው፤ ጭቃና ጥቂት አሸዋ ተቀላቅለው ሲደርቁ እንደ ጡብ ይጠነክራሉ። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለት ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አፈሩ አሲዳማ መሆኑን የሚያሳየው መለኪያ፣ ከ6.5 እስከ 8 ባለው መካከል ቢሆን ይመረጣል። አፈሩ አሲዳማ መሆኑ ከታወቀ፣ ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ ነስንሶ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይረዳል፤ ሰፋ ላለ ቦታ ግን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አፈሩን አስመርምሮ ኖራ መጠቀም ይሻላል።

መሬት የሌለው ሰው ታቹ በሚገባ በተበሳ የሸክላ ዕቃ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ሊተክል ይችላል። የዕቃ ተክል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ክረምት ሲገባ ተነሥቶ ታዛ ሥር ይቀመጣል።

አተካከል

ችግኝ የሚተከልበትን ጊዜ በተመለከተ ሰዎች ሐምሌን ይመርጣሉ፤ ለዛፍ ችግኝ የተለመደው ወቅት እርሱ ስለ ሆነ ነው። ለላቬንደር ግን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ይበልጣል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ተክሉም ቀጣዩ ክረምት እስኪመጣ ድረስ ሥሩን ወደ ታች የሚሰድበት ስምንት ወር ያህል ያገኛል። በእነዚህ ወራት ሥር የሰደደ ተክል በሐምሌ ዝናብ በቀላሉ አይሸነፍም።

ጉድጓዱ ችግኙ ከነበረበት ፕላስቲክ ጥልቀት መብለጥ የለበትም። ፕላስቲኩን ቀዶ አውጥቶ፣ ተጠማዝዘው የከረሙ ሥሮች ካሉ በጣት ፈታ አድርጎ፣ የግንዱ አንገት ከመደቡ ወለል ጥቂት ከፍ እንዲል አድርጎ መትከል ይገባል። አንገቱ ከተቀበረ ከዚያው መበስበስ ይጀምራል። በአንጉስቲፎሊያ ችግኞች መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በላቫንዲን ወይም በዴንታታ ችግኞች መካከል ደግሞ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር መራራቅ ያስፈልጋል። ገና ትንሽ ሳሉ ቦታው ባዶ መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ በክረምት በቅርንጫፎቹ መካከል ነፋስ የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ነው። በመጨረሻም በችግኙ ዙሪያ ነጣ ያለ ጠጠር በሦስት ወይም በአራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት መደልደል ዝናቡ ጭቃ ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭ፣ ዶሮዎችም አፈሩን እንዳይጭሩት ይከላከላል። ለሌላ አትክልት የምናለብሰው ገለባ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ እዚህ አይስማማም።

ከተተከለ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት በአራት ወይም በአምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ በጠዋት፣ ቅጠሉን ሳያርሱ ከግንዱ ሥር አንድ ሊትር ያህል ማጠጣት በቂ ነው። ከማጠጣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ ማየት ከማንኛውም የቀን ቆጠራ ይበልጣል፤ ጣት እርጥበት ካገኘ ውሃው ለሌላ ቀን ይቆይ። ሥር ከሰደደ በኋላ በበጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ካገኘ ይበቃዋል፤ በልግ ከዘነበ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልገውም። ዩሪያንና ትኩስ ፍግን ፈጽሞ መስጠት አይገባም፤ ተክሉ በቅጠል ያብጣል፤ ግንዱ ይለሰልሳል፤ ሽታውም ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ዓመት ውርጭ ለአንጉስቲፎሊያም ቢሆን ይከብዳል፤ በተለይ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ ከሆነ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ባለበት የኅዳር ምሽት አሮጌ ቅርጫት ደፍቶበት ማሳደርና ፀሐይ ሲወጣ ማንሣት ያድነዋል። ውርጭ ያጠቆረው ጫፍ ቢኖር ወዲያው መቁረጥ አይገባም፤ የውርጩ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የሞተው ጫፍ በሥሩ ላለው ለምለም ክፍል ከለላ ይሆነዋል።

ክረምቱን ማሳለፍ

በግንቦት መጨረሻ መደቡን ዞሮ መመልከትና ቦዮቹን መጥረግ የዓመቱ ዋና ሥራ ነው። መሬት የነካውን የታችኛውን ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ አረሙን መንቀል፣ ቁጥቋጦው በጣም ከታፈገ መሐሉን ትንሽ ማሳሳት ያስፈልጋል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ተክል አራት እንጨት ተክሎ ከላይ ፕላስቲክ መወጠር ጥሩ ነው፤ ጎኑ ግን ክፍት መሆን አለበት፤ ዙሪያውን የተሸፈነ ተክል ከዝናቡ ቢተርፍ በሻጋታ ይሞታል።

በእርጥብ አፈር ላይ የጠወለገ ላቬንደር ውሃ አልጎደለበትም። ይህን ደግሜ የምናገረው ቅጠሉ ሲንጠለጠል ያየ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ውሃ ስለሚሄድ ነው። ሥሩን የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ የሚባል ተሕዋስ፣ በክረምት የድንችን ቅጠል አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚበረቱት በእርጥበት ነው። አንድ ተክል በዚህ ከተያዘ ነቅሎ ማቃጠል፣ በቦታውም ሌላ ላቬንደር አለመተካት ይሻላል።

መግረዝ

ላቬንደር ካልተገረዘ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ውስጥ ታቹ ራቁት እንጨት፣ ላዩ ጥቂት ቅጠል ይሆንና መሐሉ ተሰንጥቆ ይወድቃል። በየዓመቱ የተገረዘ ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ዋናውን መግረዝ የማደርገው ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ ነው፤ በጥቅምት ወይም በኅዳር የተገረዘ ተክል የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ ለውርጭ ስለሚጋለጥ ነው። በመካከሉ አበባው ደርቆ ሲያበቃ የአበባውን ዘንግ ብቻ ቆርጦ ማንሣት ይቻላል።

አገራረዙን ለመረዳት አንዱን ቅርንጫፍ ከጫፉ ይዞ ወደ ታች መከተል ይጠቅማል። መጀመሪያ ለስላሳ ግራጫ ቅጠል ይገኛል፤ ዝቅ ሲባል ቅጠሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ ግንዱ ቡናማ ይሆንና በላዩ ጥቃቅን አረንጓዴ እምቡጦች ብቻ ይታያሉ፤ ከእነርሱ በታች ያለው ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ ደረቅ እንጨት ነው። መቀሱ የሚያርፈው ከእነዚያ እምቡጦች በላይ፣ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ቅጠል በሚተርፍበት ቦታ ነው። ወደ ደረቁ እንጨት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ እንደ ገና አያቆጠቁጥም። በዚህ መሠረት በየዓመቱ የቁጥቋጦውን ሲሶ ያህል እየቀነሱ ድቡልቡል ቅርጽ ማስያዝ ይበቃል።

ማራባት

ዘሩ ለመብቀል ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ አንዳንዱም አስቀድሞ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ወር ካልቆየ አይበቅልም፤ የበቀለውም ሁልጊዜ እናቱን አይመስልም። እኔ ቁራጭን እመርጣለሁ። በሚያዝያ ከጤነኛ ተክል ላይ አበባ ያልያዘ፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀንበጥ ቆርጦ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፎ፣ እኩል በተቀላቀለ አሸዋና ብስባሽ ውስጥ መሰካትና ጥላ ባለበት ቦታ አፈሩን ርጥብ እያደረጉ መጠበቅ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል፤ በቀስታ ሲስቡት አልወጣም ካለ ይዟል ማለት ነው። ክረምቱን በታዛ ሥር አሳልፎ በመስከረም መጨረሻ ለመደቡ ይደርሳል። ላቬንደር ያላት ጎረቤት ተክሏን ስትገርዝ የምትጥለው ቅርንጫፍ አንድ ግቢ የሚሞላ ችግኝ ይወጣዋልና፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አበባውን መልቀምና ማድረቅ

ለማድረቅ የሚፈለግ አበባ የሚቆረጠው በዘንጉ ላይ ካሉት እምቡጦች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ሲፈኩ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላና ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ሁሉም እስኪፈካ ከተጠበቀ ሲደርቅ ይረግፋል። ጥቂት ዘንጎችን ለንቦች መተው የተገባ ነው፤ ቀፎ ያለበት ግቢ ከሆነ ላቬንደር ባበበበት ሰሞን መደቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስገመግም ይውላል። የተቆረጠውን እንደ ጭብጦ በሚጨበጥ መጠን አስሮ፣ ጨለም ባለና አየር በሚገባበት ክፍል ቁልቁል ሰቅሎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ማቆየት ያደርቀዋል። ጭስ ያለበት ማድ ቤት ግን ሽታውን ያበላሸዋል።

የደረቀው አበባ ለሰሜን ሸዋ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት አለ። ብል የሱፍ ጠላት ነው፤ በሣጥን የተቀመጠ የመንዝ በርኖስ ወይም ባና ለአንድ ዓመት ሳይታይ ከቆየ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አበባውን ከዘንጉ አራግፎ በስስ ነጭ ጨርቅ ሁለት እፍኝ ያህል ቋጥሮ በበርኖሱ እጥፋት መካከል ማስቀመጥ የብል እናት እንቁላሏን እንዳትጥልበት ያሸሻታል። በርኖሱ ግን አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መራገፍ አለበት፤ ላቬንደር ገና ያልገባውን ያርቃል እንጂ ቀድሞ የተጣለውን እንቁላል አይገድልም። ሽታው የደከመ ሲመስል ቋጠሮውን በመዳፍ መሐል ማሸት ይመልሰዋል፤ በዓመቱ ደግሞ በአዲሱ አበባ ይለወጣል።